ባዶ መስመር

እኔ የቦርሲጳ ማማ ጸሐፊ፣ የቤልሹኑ ደቀ መዝሙር፣
ሥራዬ ማየት ነበረ፣ ያየሁትንም መቁጠር፣
በእርጥብ ሸክላ ላይ በሸንበቆ መጫር።

"ኮከቡን ብቻ አትጻፍ" ይለኝ ነበር፣ "ገብሱ ስንት እንደ ዋለ፣ ጻፍ፤
ኤፍራጥስ እስከ ምን እንደ ሞላ፣ ስንት ጣት እንደ ቀረው ለአፋፍ።
ሰማይ ብቻውን አይነበብም፤ ምድርም ብቻዋን መጽሐፍ
አይደለችም።"

በኪስሊሙ ወር፣ በሃያ አንደኛው ሌሊት፣
ከዘንባባው ጫፍ በላይ፣ ማንም ስም ያላወጣለት፣
አንድ ኮከብ ወጣ።
ያባቶችን ሸክላ እስኪነጋ ድረስ ገለበጥን፤
አባት የለው፣ ዘመድ የለው፤ አንዲት መስመር አጣን።

ቤልሹኑ ጢሙን ዳሰሰ። ብዙ ዝም አለና፣
"ይሄ የሚከተሉት ነው" ብሎ ብድግ አለ ገና ሳይነጋ ደህና።
ሚስቱ ቃሻያ ከደጅ ወጥታ፣
"በስልሳ ዓመትህ? ደረጃ ስትወጣ የሚንቋቋ ጉልበት ይዘህ?" አለችው ተቆጥታ፤
ስንቁን ግን ቋጠረች፦ ተምር፣ የደረቀ ዓሣ፣ አንድ ቅል የሰሊጥ ዘይት።

እኔም ልሂድ ብዬ ጫማዬን ሳጠብቅ፣
"የሚሄድ ኮከብ ነው" አለኝ፣ "የቆመ ሰው ከሌለ መሄዱ በምን ይታወቅ?
አንተ ቅርና ጻፍ።"

ቀረሁ። ጻፍሁ።
"ሃያ ሁለት፦ ጠራ። ኮከቡ ወደ ምዕራብ ሁለት ጣት ሸሸ።
ሃያ ሦስት፦ ደመና፤ አላየሁም። የሰሊጥ ገበያ ተበላሸ።
ሃያ አራት፦ ነፋስ።" ቃሻያ መጥታ ከደረጃው ሥር፣
"ዛሬስ የት ደረሱ?" ትለኛለች፤ ምን ብዬ ልናገር?
የኮከቡን እንጂ የሰዎቹን እግር አልጻፍሁ።

በበጋው ሐሩር ተመለሱ፣ በሄዱበት ሳይሆን በሌላ፤
ግመሎቹ ከስተው፣ ሳጥኖቹ ባዶ ሆነው፣ የአንዱ ጓደኛቸው ኮርቻ ያለ ሰው ከኋላ።
"አየኸው?" አልሁት። "አየሁት፤ ከእናቱ ጭን ላይ።
አውራ ጣቴን ያዘና አልለቅም አለ። ኮከቡ ቆሟል ከጣራው በላይ፤
እኔ ግን ቀና አላልሁም። አርባ ዓመት ያፈጠጥሁበት ሰማይ፣
ለካ ይረሳል፣ ከወረደ ምድር ላይ።"

ዓመት ሊደፍን ሲል አንድ የይሁዳ ሱፍ ነጋዴ መጣ፤
ዋጋውን ብጠይቀው፣ ከዋጋው በፊት ወሬውን አወጣ።
"ቤተ ልሔም ዘንድሮ ለሕፃን የሚሆን ሱፍ የሚገዛ የለም፤
ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ አልቀረም።
ኮከብ አየን ያሉ ሰዎች ከሩቅ መጥተው፣
ከንጉሡ ደጅ መንገድ ጠይቀው... ከዚያ በኋላ ነው።"
አላወቀም ነጋዴው፣ ከማን ፊት እንደ ቆመ፤
ቤልሹኑ ግን ሰማ፤ ከዚያች ማታ ወዲህ ታመመ።

ሌሊት ጠራኝ። "ኮከቡ ሳለልን ሰው ጠየቅን፣ ልጄ።
ሁለት ሌሊት ብቻ ነው የጋረደን፤ መታገሥ አቃተን፣
'ንጉሥ ከቤተ መንግሥት በቀር የት ይወለዳል?' አልን፣ ዕውቀታችን አሳተን።
እርሱ ዝም ብሎ ነበር የሚመራ፤
እኛ ነን አፍ ያበዛን፣ በማይነገርበት ስፍራ።
የአዳሩን ወር ሸክላ አምጣ። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። አንብብልኝ።"

"ጠራ" ብዬ አነበብሁ። "ኮከቡ እንደ ወትሮው በራ።"
"በራ አልህ?"
"በራ።"
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የጥጃ ድምፅ በመሰለ ልቅሶ አለቀሰ፣ አንሶላው እስኪርስ።

በማግስቱ አዲስ ጭቃ አቦካሁ። ቀኑን ጻፍሁ፤ የወንዙን ልክ ጻፍሁ።
"የልጆቹንስ?" ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።
ነጋዴው ቁጥር አልነገረን። ምልክትም የለንም ለዚህ።
ቤልሹኑ እጁን ዘረጋ፤ ያንን አውራ ጣቱን፣
ሕፃኑ ይዞት የነበረውን፣
ከባዶው መስመር ላይ ተጭኖ አቆየው፣
የጭቃው ውኃ በጥፍሩ ዙሪያ እስኪወጣ ድረስ።

ከሥሩ፣ እንዳስተማረኝ፣
የገብሱን ዋጋ ጻፍሁ።